ምዕራፍ ስድስት፦ ክንድ ብቻውን አይወፍርም

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚዘልቀው አስፋልት ዳር ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ከተሞቻችን ክንዱን ማፈርጠም የሚፈልግ ወጣት ብዙ መሣሪያ አያሻውም፤ ሁለት የቀለም ጣሳ፣ ጥቂት ሲሚንቶና አንድ የብረት ዘንግ ይበቁታል። የሚሰጠው ምክርም በየመንደሩ አንድ ነው፤ ክንድህን ማወፈር ከፈለግህ ክንድህን አሠራው፣ ካልወፈረ ደግሞ ጨምረህ አሠራው። ምክሩ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን የጉዳዩን ትንሿን ክፍል ብቻ ይዞ ትልቁን ይተዋል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው የክንድ ውፍረት ከምንም በላይ ከመላው የሰውነት ክብደት ጋር የታሰረ ነው ብዬ ነው። ቀጭን ወጣት ጣሳውን ሺህ ጊዜ ቢያነሳ የሚያገኘው ለውጥ ጥቂት ነው፤ ብዙውን የሚያገኘው ኪሎው ሲጨምር፣ ያ ኪሎም ጡንቻ ሆኖ እንዲቀመጥ ሲያስገድደው ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ የሚገኘው ጤና ኬላ ውስጥ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለን ሕፃን ስትመረምር በትከሻውና በክርኑ መካከል ባለቀለም ጥብጣብ ትጠመጥማለች። ቁጥሩ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሕፃኑ ለሕይወቱ የሚያሰጋ የምግብ እጥረት አለበት፤ በ11.5 እና በ12.5 መካከል ከሆነ እጥረቱ መካከለኛ ነው። ሚዛን ሳይኖር፣ ቁመት ሳይለካ፣ የክንዱ ዙሪያ ብቻ የመላ ሰውነቱን ሁኔታ ይናገራል። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በቢያፍራ ጦርነት ወቅት የእርዳታ ሠራተኞች የክንድን ዙሪያ ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር ዘንግ ይዘው የወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ሕፃኑ ፕላምፒ ነት የተባለው የሕክምና ምግብ ተሰጥቶት ሲያገግም ደግሞ ያ ክንድ ተመልሶ ይሞላል፤ 12.5 ሲደርስም ከሕክምናው ሊወጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕፃኑ አንድም ነገር አላነሳም። ክንዱ የከሳው ሰውነቱ ስለከሳ፣ የሞላውም ሰውነቱ ስለሞላ ነው። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያለፈችው ወሎ ይህን እውነት ከማንም በላይ በመራራው መንገድ አይታዋለች፤ በ1977ቱ ረሃብ ዓለም የረሃብተኞች መጠለያ የነበረባትን የኮረምን ስም ያወቀበትን ምስል ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው የሰዎቹን ክንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርፅ የለውም፤ የቆላ ሰው ቀጠን ብሎ እግረ ረጅም ሊሆን ይችላል፣ ታዲያ ክብደቱ ማነሱ የተፈጥሮ ቅርፁ እንጂ ጉድለት ላይሆን አይችልም? ይችላል። ማርክ ማያትና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይህንኑ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ፈትሾ፣ ክብደትን ከቁመት ጋር ማነጻጸር እግራቸው ረጅም፣ ደረታቸው አጭር የሆኑትን የአርብቶ አደር ልጆች ከሚገባው በላይ የተጎዱ አስመስሎ እንደሚያሳይ አሳይቷል። የክንድ ዙሪያ ግን በቅርፅ ያን ያህል አይታለልም። ስለዚህ ክንድ ሰውነት ምን ያህል ሥጋና ስብ እንደተሸከመ ከቁመትና ከክብደት ስሌት ይልቅ በቅርበት ይናገራል። ወጣቱ ሊያወፍረው የሚፈልገው የሰውነቱ ክፍል፣ ሰውነቱ ምን ያህል እንደበላና ምን ያህል እንዳጠራቀመ የሚመዘገብበት ቦታ ነው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 56 ኪሎ፣ የክንዱ ዙሪያ 26 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወጣት እናስብ። ቁመት ከቆመ በኋላ ሰው የሚጨምረው ወደ ጎን ብቻ ነው፤ ወደ ጎን ሲሰፋ ደግሞ ክብደቱ የሚጨምረው በዙሪያው ልክ ሳይሆን በዙሪያው ካሬ ነው። እንግዲህ መላ ሰውነቱ እኩል ቢወፍር ክንዱ 27 እንዲሆን ክብደቱ ወደ 60 ኪሎ ተኩል ገደማ መድረስ አለበት። አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ 4 ኪሎ ተኩል ያስከፍላል ማለት ነው። ክንዱን 30 ማድረስ ቢያምረው ስሌቱ 75 ኪሎ አካባቢ ያወጣል። በእርግጥ ሥልጠናው በላይኛው አካል ላይ ካተኮረ ከዚህ ባነሰ ኪሎ ይደረሳል፤ ሰውነት እኩል እንዲወፍር የሚያስገድደው ሕግ የለም። ቢሆንም ቁጥሩ የመንገዱን ርዝመት ያሳያል። ሁለቱ የላይኛ ክንዶች አንድ ላይ ቢመዘኑ ከዚህ ወጣት ክብደት 3 ኪሎ ገደማ ብቻ ናቸው። ሦስት ኪሎ የማይሞላ ሥጋ ለማሳደግ መላውን ሰውነት ማሳደግ ለምን ያስፈልጋል?

መልሱ ጡንቻ በሚሠራበት መንገድ ውስጥ ነው። ጡንቻ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑም ይታደሳል፤ የሚወፍረው እድሳቱ ከፍርሻው ሲበልጥ ነው። እድሳቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ፕሮቲንና ጉልበት። ሰውነት የሚበላው ከሚያወጣው ሲያንስ መጀመሪያ የሚቆጥበው ከዚህ ሥራ ነው፣ ልብና አንጎል መቆጠብ አይችሉምና። ሆሴ አሬታና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ብረት ማንሳት የለመዱ ወጣቶች ምግባቸው ለ5 ቀን ብቻ ሲቀነስ ጡንቻቸው አዲስ ፕሮቲን የሚሠራበት ፍጥነት በ27 በመቶ ወርዷል። ብረት ሲያነሱ ፍጥነቱ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ጠግበው ቁጭ ባሉበት ጊዜ ወደነበረበት ልክ ነው። ስለዚህ ምግብ ያነሰው ወጣት ጣሳውን ሲያነሳ ዕዳ እየከፈለ ነው፤ ትርፉ የሚጀምረው ዕዳው ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ጉድለት በአንድ ክንድ ወይም በአንድ እግር የሚወሰን አይደለም። የጉልበት መጉደልን የሚያስታውቀው መልእክት በደም ይዞራል፣ ወደ ጡንቻዎች ሁሉ ይደርሳል። አንሴል ኪስ በ1944ና በ1945 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ገደማ ብቻ ሲመግብ ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል አጡ። በየሳምንቱ ረጅም መንገድ እንዲጓዙ ይደረግ ነበር፤ ጉዞው ክንዳቸውን ቀርቶ የሚራመዱበትን እግር እንኳ ከመክሳት አላዳነውም።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ ክንድ ብቻውን ሲያድግ ታይቷል የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ታይቷል። ሞኒካ ሁባልና ባልደረቦቿ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 585 ወንዶችና ሴቶች ለ12 ሳምንት ብዙ የማይሠሩበትን አንዱን ክንዳቸውን ብቻ አሠለጠኑ፤ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው የፊተኛው ጡንቻ ስፋት በአማካይ በ19 በመቶ ገደማ ጨመረ። በሰው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ አስገራሚ ነበር፤ ከነበረበት በ2 በመቶ ያነሰም፣ 59 በመቶ የጨመረም ተገኝቷል። ነገር ግን 19 በመቶውን ወደ ሜትር ጥብጣብ እንመልሰው። ክንዱ 26 ሳንቲ ሜትር የሆነው ወጣት የፊተኛ ጡንቻው ስፋት 15 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፣ 19 በመቶ መጨመሩ ዙሪያውን የሚያሰፋው በ7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ወጣት የሚረሳውን፣ ከፊተኛው የሚበልጠውን የኋላ ጡንቻ፣ ትራይሴፕስን፣ በዚያው ልክ ቢያሳድግ ድምሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ክንድን ለብቻ ማሠራት በሦስት ወር የሚሰጠው ይህን ነው፤ ያውም በቂ ለሚበላ ሰው። ከዚያ በኋላ ያለው ጭማሪ እያደር ይቀንሳል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ማስረጃም አለ፣ ልለፈው አልፈልግም። አልፍሬድ ጎልድበርግ ምግብ ተነፍገው እየከሱ ባሉ አይጦች ላይ ባደረገው ሙከራ ጫና የወደቀበት የእግር ጡንቻ በረሃብ መካከል እንኳ ሲወፍር አይቷል። ይህ ጫና ራሱን የቻለ ትእዛዝ መሆኑን ያረጋግጣል። ግን አይጡ በጠቅላላው እየከሳ ነበር፤ ለሚሠራው እግር የሄደው ከማይሠራው ተወስዶ ነው። ክንዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንዲጨምር ጭኑና ጀርባው እንዲከሱ የሚፈልግ ወጣት ያለ አይመስለኝም፤ ቢፈልግም የዚህ ዓይነቱ ሽግሽግ ወሰኑ ቅርብ ነው።

ክንድን ከሰውነት ጋር የሚያስተሳስረውን ክር በተሳሳተ ቦታ የሚፈልጉም አሉ። በየጂሙ እግርህን በከባዱ ካሠራህ የሚፈሰው ሆርሞን ክንድህን ያወፍረዋል ይባላል። ዳንኤል ዌስትና ባልደረቦቹ በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ 12 ወጣቶችን ለ15 ሳምንት አሠልጥነው ይህንን ፈተሹት፤ አንዱ ክንድ ብቻውን ሠራ፣ ሌላው ክንድ ደግሞ ከከባድ የእግር ሥራ ጋር ተያይዞ። በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። እግርን ማሠራት የሚጠቅመው ኪሎ የሚቀመጥበት ትልቁ ቦታ እዚያ ስለሆነ ነው፤ ምግቡ ወደ ጡንቻ የሚለወጥበትን በር ያሰፋል። ደረትንና ጀርባን የሚያሠሩ የመግፋትና የመሳብ እንቅስቃሴዎችም፣ ፑሻፑም ፑላፑም፣ ከትንሿ ጣሳ የከበደ ጫና ለክንድ ስለሚሰጡ በሁለት በኩል ይጠቅማሉ።

ገበሬውስ? ይህ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ጥያቄ ነው። የራያ ገበሬ ሞፈር ይዞ ይውላል፣ ያርማል፣ ማሽላ ይቆርጣል፣ ይወቃል፤ ክንዱ ከማንም የጂም ሰው በላይ ይሠራል። ለምን አይወፍርም? አንደኛ፣ ሥራው ቀላል ጫና ብዙ ሰዓት የሚደጋገምበት ነው፤ ይህ ጽናትን ያሠለጥናል፣ ውፍረትን ግን እምብዛም አይጠራም። ሁለተኛ፣ ያው ሥራ የተበላውን ሁሉ ያቃጥላል። የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ከሦስት ወንዶች አንዱ ገደማ ለቁመቱ ከሚገባው ክብደት በታች ነበር። የዚህን ሰው ክንድ ቀጭን ያደረገው ስንፍና ነው የሚል ሰው ስለ ሥራም ስለ ምግብም አያውቅም። ደግሞም ቀጭን ክንድ ደካማ ክንድ አይደለም፤ ጉልበት ከጡንቻው ውፍረት በተጨማሪ ነርቭ ጡንቻውን ምን ያህል እንደሚቀሰቅሰውና እጅ ሥራውን ምን ያህል እንደለመደው በሚለውም ይወሰናል።

እስካሁን ክብደት ያስፈልጋል አልኩ፤ ክብደት ይበቃል ግን አላልኩም። ክሎድ ቡሻርና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. 12 ጥንድ መንትዮችን ለ84 ቀን በየቀኑ 1,000 ካሎሪ ትርፍ ሲመግቡ ሰዎቹ በአማካይ 8.1 ኪሎ ጨመሩ፤ ሥልጠና ስላልነበረ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ስብ ሆነ። ከሁሉ የከፋውን ምሳሌ የሚያሳየን ደግሞ ለመወፈር ብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዴክሳሜታዞን የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ ፊትን ያሳብጣል፣ ሆድን ይሞላል፣ ሚዛኑንም ወደ ላይ ይገፋል፤ የክንድንና የጭንን ጡንቻ ግን ይበላል። ኪሎው ጨመረ፣ ክንዱ ቀጠነ። እናቶች ልጆቻቸው ፊታቸው ሲሞላ አይተው ተደስተው ይሆናል፤ ይህ ግን ውፍረት የሚመስል በሽታ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰውም በድንገት ማቆሙ ራሱ ስለሚያሰጋ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። እንግዲህ ሁለቱ አብረው መምጣት አለባቸው፤ ኪሎና ጫና።

ከከተማ የሚመጣ ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ኪሎ እየቀነሱ ጡንቻ የጨመሩ ሰዎች አሉ የሚል። አሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ የማክማስተር ጥናት 40 ወጣቶች ለ4 ሳምንት ምግባቸውን በ40 በመቶ ቀንሰው በብርቱ ሲሠለጥኑ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 2.4 ግራም ፕሮቲን የበሉት 4.8 ኪሎ ስብ አጥተው ስብ ያልሆነ አካላቸው በ1.2 ኪሎ ጨመረ። እነዚህ ግን ከክብደታቸው በላይ የነበሩ ወጣቶች ናቸው፤ የጎደለውን ጉልበት ሆዳቸው ላይ ካለው ጎተራ አወጡ። 56 ኪሎ የሆነው የጎብዬ ወጣት ያ ጎተራ የለውም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሞልቶ ከተረፈ ሰው የተወሰደ ምክር ለሱ አይሠራም።

ታዲያ ኪሎው ከየት ይመጣል? በራያ ቆላ መልሱ ከማሽላ ይጀምራል። ጎብዬ በስሟ የሚጠራ የማሽላ ዝርያ አላት፤ ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ ናቸው፤ ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ሥራ የተገኙ ሲሆን፣ ፕሮፌሰሩ በማሽላ ላይ ባደረጉት ምርምር በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ የሚመጠው ኋላ በሰው ክንድ ላይ የሚጎድለውን ጉልበት ነው። ማሽላ ካሎሪ በደንብ ይሰጣል፤ 100 ግራም ዱቄት 330 ካሎሪ ገደማና 10 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ችግሩ የፕሮቲኑ ዓይነት ላይ ነው። ጡንቻ ለመሥራት ከሚያስፈልጉት አሚኖ አሲዶች አንዱ የሆነው ላይሲን በማሽላ ውስጥ በጣም ያንሳል፤ በ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ያለው 2 ግራም ገደማ ሲሆን ለአዋቂ የሚመከረው 4.5 ነው። ሲበስልም ፕሮቲኑ ለመፈጨት ያስቸግራል፤ እንጀራው መቡካቱ ይህን በከፊል ያሻሽለዋል።

የሚያስደንቀው ግን የዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ በዚሁ በወሎ መገኘቱ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል በሺዎች የሚቆጠሩ የዓለም የማሽላ ናሙናዎችን ሲመረምሩ ላይሲናቸው እጅግ ከፍ ያለ ሁለት ዝርያዎች አገኙ፤ ሁለቱም ከወሎ የተሰበሰቡ ነበሩ። ላይሲናቸው ከ3 ግራም በላይ፣ ፕሮቲናቸውም ከ15 በመቶ በላይ ነበር። የወሎ ገበሬ የዚህ ዓይነቱን ማሽላ ከሳይንቲስቶቹ በፊት ለይቶ ያውቀዋል፤ አንዱን ወተት በጉንጬ ይለዋል፣ እሸቱንም ጠብሶ ይበላዋል። ፍሬው የተጨማደደና ምርቱ ያነሰ በመሆኑ ማሳውን ሁሉ አልሞላም። ቢሆንም ለላይሲን ሌላ መንገድ አለን፤ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ በላይሲን ከማሽላ ሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። በማሽላ እንጀራ ላይ የሚፈስሰው ሽሮ ማባያ ብቻ ሳይሆን የእንጀራውን ጉድለት የሚሞላ ሌላኛው ግማሽ ነው። ሽሮውን የሚያቀጥነው ቤተሰብ የሚያጣው ከጣዕም በላይ ነው።

በፆም ይቻላል ወይ የሚለውም በቁጥር ይመለሳል። 49 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየው የ2018 እ.ኤ.አ. ትንተና የጡንቻ ጭማሪ በቀን ለኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን ገደማ ላይ እንደሚቆም አግኝቷል፤ ለ56 ኪሎ ሰው 90 ግራም ነው። 400 ግራም የማሽላ ዱቄት 40፣ 200 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ 42፣ 50 ግራም ኦቾሎኒ 12 ግራም ገደማ ይሰጣሉ። ሞላ፤ አንድም ጠብታ ወተት አልገባበትም። ካሎሪው ግን ዘይቱ ተጨምሮ 2,700 አካባቢ ነው፣ ቀኑን ሲሠራ የሚውል ወጣት ደግሞ 3,000 ሊፈጅ ይችላል። ጉድለቱ ከፕሮቲን ይልቅ ከጠቅላላው ምግብ መሆኑን ልብ ይሏል። በፆም ሰዓቱም ያጥራል፤ ስለዚህ ቆሎና በሶ፣ ተልባና ሰሊጥ፣ ትንሽ ቦታ ይዘው ብዙ ካሎሪ የሚሰጡት፣ ከሁሉ በላይ ይረዳሉ። በፍስክ ቀን ግማሽ ሊትር ወተትና ሦስት እንቁላል 34 ግራም ያህል ፕሮቲንና 550 ካሎሪ ይጨምራሉ፤ ከውጭ የመጣ ዱቄት የሚሸጥበት ዋጋ ለዚህ ቢውል ይሻላል።

በፎቶ የሚታዩት ግዙፍ ክንዶች ብዙዎቹ ከሌላ ምንጭ የመጡ ናቸው። ሻሌንደር ባሲንና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት በ10 ሳምንት ውስጥ ከፍተኛ ቴስቶስቴሮን ተወግተው ያልሠሩ ወንዶች ስብ ያልሆነ አካላቸው በ3.2 ኪሎ፣ ሳይወጉ የሠሩት በ1.9 ኪሎ፣ ሁለቱንም ያደረጉት በ6.1 ኪሎ ጨመረ። መርፌው እንኳ ክንድን ለይቶ አላወፈረም፤ መላውን ሰውነት ነው ያከበደው። ከጀርባው ደግሞ የዘር ፍሬ መሟሸሽ፣ መካንነትና የልብ ጉዳት ስላለ፣ በእሱ የተገኘን ክንድ ለራስ መለኪያ ማድረግ አይገባም። ያለ መድኃኒት ጀማሪ ወጣት በወር ከአንድ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ቢጨምርና ወገቡ ካልሰፋ በደንብ ሄዷል።

በራያ ቆላ ይህ ጭማሪ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመጣም። ጎተራው ክረምት ላይ ይሳሳል፣ ማሽላው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይገባል፤ የ2013 ዓ.ም.ን አንበጣና በዚያው ዓመት መጨረሻ የደረሰውን ጦርነት ያየ ሰው ደግሞ ጎተራው ጭራሽ ላይሞላም እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ ከባዱን ሥልጠና ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ እህሉ ባለበትና የእርሻው ሥራ በቀለለበት ጊዜ ማድረግ ይሻላል፤ ዐቢይ ፆም በመካከሉ ቢገባም ከላይ ያለው ሒሳብ ይይዘዋል። በእርሻና በእጥረት ወራት ደግሞ የተገኘውን መጠበቅ ብቻ ይበቃል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የስኮት ቢክልና ባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው በ16 ሳምንት ጡንቻ የጨመሩ ወጣቶች ሥልጠናቸው ወደ አንድ ዘጠነኛ ወርዶ እንኳ ለ32 ሳምንት ውፍረታቸውን ይዘው ቆይተዋል፤ ይህም በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ዙር ማንሳት ማለት ነው።